ሳይደርቅ አይታሸግ፦ ስለ ቺፕ፣ ሴንሰርና ቦርድ አስተሻሸግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለኝ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላና ከሞጣ ቦርድ ይዘው የሚመጡ ባለሙያዎች፣ አልፎ አልፎም ከፖሊ (ከቀድሞው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) የሚመጡ ተማሪዎች፣ ስለ ማሸግ የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። ቡና እየተጠጣ የመለስኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ። ቅደም ተከተሉ እንደ ጥያቄዎቹ ብዛት እንጂ እንደ መማሪያ መጽሐፍ አይደለም።

ቺፑ ራሱ በጠንካራ ጥቁር ነገር ተለብጦ የለም እንዴ? ሌላ ማሸጊያ ምን ይሠራለታል?

ያ ጥቁር ነገር ኢፖክሲ የሚባል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሙጫ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ሲሊካ፣ ማለትም የጠራ አሸዋ፣ ተቀላቅሎበታል፤ በክብደት ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው አሸዋው ነው። አሸዋው የገባው ኢፖክሲ ብቻውን ሲሞቅ ከውስጡ ካለው ሲሊከን (ቺፑ ራሱ ከተሠራበት) እጅግ አብልጦ ስለሚለጠጥ፣ ያንን ለመግታት ነው። ለሙቀት እንዲህ ተጠንቅቀውለት ሳለ አንድ ጠባይ ግን አልተወውም፤ ውሃ ይጠጣል። የምናየውን ውሃ ማለቴ አይደለም፤ አየር ውስጥ ያለውን ተን ቀስ እያለ ይስባል።

ጣጣው የሚመጣው በብየዳ ጊዜ ነው። ሊድ (እርሳስ) የሌለበት ብየዳ ላይ የቺፑ ሙቀት ከ245 እስከ 260 ዲግሪ ይደርሳል። ውስጥ የተጠራቀመው እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና መውጫ ያጣል። ኢፖክሲውን ከሲሊከኑ ወይም ከመዳቡ ይገነጥለዋል፣ ከፀጉር የቀጠኑትን ሽቦዎች ይበጥሳል፣ ሲብስም የቺፑን ሆድ ነፍቶ ይሰነጥቀዋል። ፈረንጆቹ ለዚህ የሰጡት ስም ፈንዲሻ ነው፤ እውነትም አንዳንዴ ድምፁ ይሰማል። እኔ የምፈራው ግን ድምፅ የሌለውን ነው። ቦርዱ ተበይዶ ይሠራል፣ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ጥፋቱን የሚሸከመው ብየዳው ነው፤ ቺፑ መደርደሪያ ላይ ክረምቱን ሙሉ ተከፍቶ መክረሙን የሚያስታውስ የለም።

ከረጢቱ ላይ «ኤም ኤስ ኤል 3» የሚል ተጽፏል። ምን ማለት ነው?

ቺፑ ከታሸገበት ወጥቶ ሳይበየድ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚችል የሚናገር ደረጃ ነው። ጄ ኤስ ቲ ዲ 020 በሚባለው መስፈርት ይመደባል፤ አያያዙን ደግሞ ጄ ኤስ ቲ ዲ 033 ይዘረዝራል። ደረጃ 1 የጊዜ ገደብ የለውም። ደረጃ 2 አንድ ዓመት ነው፣ 2ኤ አራት ሳምንት። ደረጃ 3፣ ማለትም አብዛኛው እዚህ የምናገኘው ፕሮሰሰርና ሜሞሪ፣ 168 ሰዓት ወይም አንድ ሳምንት ነው። 4 ሲሆን 72 ሰዓት፣ 5 ሲሆን 48፣ 5ኤ ሲሆን 24 ይሆናል። ደረጃ 6 ሁልጊዜ ከብየዳ በፊት መድረቅ አለበት፤ ከዚያም መለያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ይበየዳል።

እነዚህ ሰዓቶች (ደረጃ 1 ሲቀር) የተቆጠሩት ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀትና ከ60 በመቶ ያልበለጠ የአየር እርጥበት ላለበት ክፍል ነው። ሙቀቱ አያሳስበንም፤ ባሕር ዳር ቤት ውስጥ 30 የሚያልፍበት ቀን ብዙ አይደለም። እርጥበቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከ60 በመቶ በላይ መሆኑን ለማወቅ መለኪያ እንኳ አያስፈልግም፤ የጨው ዕቃውን ማየት ይበቃል። ስለዚህ በክረምት 168 ሰዓት የተባለው 168 ሰዓት አይሞላም። እኔ በክረምት ደረጃ 3ን እንደ ደረጃ 4 ነው የምይዘው። ይህ የራሴ ጥንቃቄ ነው፣ የመስፈርቱ ቃል አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓቱ አንዴ መቆጠር ከጀመረ ወደ ከረጢት መመለስ ብቻውን አያጠፋውም። ከ2 እስከ 4 ያሉት ደረጃዎች ግን ከ12 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ተከፍተው ከነበረ፣ የተከፈቱበትን ጊዜ አምስት እጥፍ ከ10 በመቶ በማይበልጥ ደረቅ አየር ውስጥ ቢቀመጡ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለሁለት ሰዓት የተከፈተ ደረጃ 3 ቺፕ አሥር ሰዓት ደረቅ ሣጥን ውስጥ ይደር ማለት ነው። ኦቨን ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሮዝ ላስቲክ፣ ብርማ ላስቲክ፣ ጥቁር ላስቲክ… ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ በብዛት የሚሳሳቱበትም ይህ ነው።

ሮዙ ራሱ ሲፋተግ ስታቲክ (በመፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) እንዳይፈጥር ብቻ የተሠራ ፖሊኢትሊን ነው። ከውጭ የሚመጣውን የስታቲክ ብልጭታ አያግድም፣ እርጥበትም አያግድም። ብሎንና ኬብል ከቦርድ ጋር አብሮ ለመላክ ጥሩ ነው፤ ቺፕ ለማከማቸት አይሆንም።

ብርማ ሆኖ በውስጡ የሚያሳየው፣ ሃርድ ዲስክ የሚመጣበት፣ ስስ የብረት ሽፋን አለው። ይህ የስታቲክ ብልጭታን ያግዳል፤ ውስጡ ያለው ዕቃ በብረት ቤት እንደተከለለ ይቆጠራል። ክልሉ የሚሠራው ግን ከውስጥ ነው። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ ቦርዱን ከላዩ ማስቀመጥ ምንም አይረዳም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ከረጢት የእርጥበት መከላከያ ነው ብሎ በመገመት ነው፤ አይደለም።

ፈጽሞ የማያሳየው፣ ወፍራም፣ ሲነካ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው የአሉሚኒየም ከረጢት ነው የእርጥበት መከላከያው። መስፈርቱ በካሬ ሜትር በ24 ሰዓት ከ0.031 ግራም በላይ ተን እንዳያሳልፍ ይጠይቃል። ተራ ዚፕ ያለው ላስቲክ የሚያሳልፈው ከዚህ ቢያንስ መቶ እጥፍ በላይ ነው። ማንኛውም ላስቲክ ያሳልፋል፤ ጥያቄው በምን ፍጥነት ነው። በደንብ የተዘጋ የአሉሚኒየም ከረጢት ውስጥ የደረቀ ቺፕ ቢያንስ 12 ወር ይቆያል።

ጥቁሩ ካርቦን የተቀላቀለበት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የቺፕ እግሮች የሚሰኩበት ጥቁር ስፖንጅም እንዲሁ። ባትሪ ያለበትን ቦርድ ጥቁሩ ውስጥ እንዳታስቀምጡ፤ ባትሪው ቀስ እያለ ያልቃል፣ ሜሞሪው ይጠፋል። የወጥ ቤት ፎይል የሚጠቀልሉበትም አሉ፤ ከስታቲክ ያድናል፣ ባትሪ ካለ ግን ያገናኛል።

ስታቲክ እኛ አገር ያን ያህል ያሳስባል?

በክረምት ብዙም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት ግን አዎ። ሰው ብልጭታው የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲጠጋ ነው፤ ከ250 ቮልት በታች የሚበላሹ ቺፖች አሉ። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ማስረጃ አይሆንም። የጥጥ ጋቢ ከፖሊስተር ጃኬት ይሻላል፤ ከሁለቱም ግን ስታቲኩን ወደ መሬት የሚያወርድ፣ 1 ሜጋ ኦም ያለው የእጅ ማሰሪያ ይሻላል።

ከረጢት ውስጥ ያለችው ትንሽ ካርድ ነጥቦቿ ምን ይናገራሉ?

ብዙውን ጊዜ 5፣ 10 እና 60 የተጻፈባቸው ሦስት ነጥቦች ናቸው፤ ቁጥሮቹ በከረጢቱ ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት በመቶኛ ናቸው። ሰማያዊ ከሆነ ደረቅ፣ ሮዝ ከሆነ እርጥብ ነው (ሌላ ቀለም የሚጠቀሙም አሉ፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል)። 5 ቁጥር ሮዝ ሆኖ 10 ቁጥርም ሰማያዊነቱን ከለቀቀ ከ2ኤ እስከ 5ኤ ያሉትን ሳታደርቁ እንዳትበይዱ። ደረጃ 2 የሚደርቀው 60 ቁጥር ሲለወጥ ነው። ካርዱን ከረጢቱ እንደተከፈተ ወዲያው አንብቡት፤ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ የሚነግራችሁ ስለ ከረጢቱ ሳይሆን ስለ ቤታችሁ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ቺፑ ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ የምርት ቁጥር ዓመትና ሳምንት ነው። 2318 ማለት በፈረንጅ 2023 18ኛው ሳምንት። የእኛን ዓመት አስበው «ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል» ያለኝ አንድ ደንበኛ ነበረ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ሲሊካ ጄሉ (ከረጢት ውስጥ እርጥበት የሚመጠው ፍሬ) እንደገና ይሠራል?

ይሠራል። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥታችሁ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት፤ እንደቀዘቀዘ ሳይውል ሳያድር ጥብቅ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱት። ከነከረጢቱ ኦቨን ውስጥ አታስገቡት፣ አንዳንዱ ከረጢት ይቀልጣል። በከሰል ላይም አይሆንም። ሰማያዊው ጄል ኮባልት ስላለበት ልጆች እንዳይነኩት።

ከረጢቱን በምን ልዝጋው? ቆሎ ሻጮች በሻማ ይዘጋሉ፤ እኔስ?

የሻማው ዘዴ ለቆሎ ይሠራል፤ ቆሎው በሳምንት ይበላል። የአሉሚኒየሙ ከረጢት ግን ብዙ ድርብ አለው፤ የሚቀልጠውና የሚጣበቀው የውስጡ ፖሊኢትሊን ነው። የሻማ ነበልባል የውጩን አሳርሮ የውስጡን ሳያጣብቅ ይቀራል፣ ወይም እዚህ ጋ ያጣብቅና እዚያ ጋ ይዘላል። ከውጭ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል፤ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ትንሹ የጠረጴዛ ላስቲክ ማሸጊያ ማሽን ካለ በጣም ጥሩ፤ ዋጋውም ከአንድ ጥሩ ቺፕ ብዙ አይርቅም። ከሌለ የልብስ ካውያ ይሆናል፦ ከረጢቱን በቀጥታ ጣውላ ጠርዝ ላይ ዘርግታችሁ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ ወይም የመጋገሪያ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ፣ ካውያውን ሳታንሸራትቱ ተጭናችሁ ያዙት። አንሥታችሁ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ከዚያ ሁለተኛ መስመር ከመጀመሪያው አንድ ጣት ራቅ አድርጋችሁ ድገሙ። በአሮጌ ባዶ ከረጢት ሞክሩና ለመላቀቅ ጎትቱት፤ እንደ ስካች ተላቆ ከወጣ ሙቀቱ አንሷል፣ ላስቲኩ ራሱ ሲቀደድ ነው ልክ የሆነው።

ዋናው ጠላት ሽብሽቡ ነው። መስመሩ ላይ አንዲት እጥፋት ካለች ከእጥፋቷ ሥር ቀጭን ቱቦ ይቀራል፣ ተኑ በዚያ ይገባል። የጠላ ጋን ሲመረግ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ጋኑ በጭቃ ድፍን ብሎ ተመርጎ አንዲት ስንጥቅ ከቀረች ጠላው ይበላሻል፤ ስንጥቋ ማነሷ አያድነውም። አጥፎ በስካች መለጠፍ ደግሞ ማሸግ አይባልም።

አየሩን በቫኪዩም አሟጦ መምጠጥ ግድ ነው ወይ የሚሉኝም አሉ። አይደለም። በእጅ ቀስ ብሎ ተጭኖ ማስወጣት ይበቃል፤ መስፈርቱም የሚለው ቀለል ያለ ማስወጣት ነው። በኃይል ሲመጠጥ የቺፕ ትሪው ሹል ጥግ ከረጢቱን ይበሳዋል፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያን ሁሉ ልፋት ገደል ይከተዋል።

ከቻይና የመጣ ከረጢት ደብረ ማርቆስ ሲደርስ እንደ ኳስ ተነፍቶ አገኘሁት። ተበላሽቷል?

እንዲያውም ደስ ይበላችሁ። ከባሕር ወለል አጠገብ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሲታሸግ ትንሽ አየር ቀርቶበታል። ደብረ ማርቆስ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ስለሚጠጋ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ያ አየር አንድ ሦስተኛ ያህል ይሰፋል። መነፋቱ ከረጢቱ አለመበሳቱን ይመሰክራል፤ ቀዳዳ ቢኖረው አየሩ በወጣ ነበር። በተቃራኒው ማርቆስ ላይ ያሸጋችሁት ከረጢት ዓባይ በረሃ ሲወርድ ይጨማደዳል፣ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ተመልሶ ይነፋል። በጣም ጢም ብሎ የተነፋ ከረጢት ግን መስመሩ ሊላቀቅ ስለሚችል ካርዱን እዩ።

ያረጠበውን ቺፕ በምጣድ ላድርቀው?

አታድርጉት። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ላዩ ወደ 200 ዲግሪ ይጠጋል፤ ቺፑን ራሳችሁ ፈንዲሻ አደረጋችሁት ማለት ነው። ማይክሮዌቭም እንደዚሁ፤ ብረት ያለበት ነገር አይገባበትም።

የሚያስፈልገው ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ይዞ የሚቆይ ኦቨን ነው። ውፍረቱ ከ1.4 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ደረጃው 3 የሆነና ጊዜው ከ72 ሰዓት በላይ ያለፈበት ቺፕ 125 ዲግሪ ላይ 9 ሰዓት ይፈልጋል። 40 ዲግሪ ላይ፣ አየሩ ከ5 በመቶ በታች ደርቆ፣ ያው ሥራ 13 ቀን ይወስዳል። የልዩነቱ ስፋት ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። «ባሕር ዳር ውሃ 94 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ቶሎ ይደርቅልን የለም ወይ?» ያለኝ ብልህ ተማሪ ነበረ። ጥያቄው ደስ ይላል፣ ግን እርጥበቱ ከኢፖክሲው የሚወጣው እየፈላ አይደለም፤ በኢፖክሲው መሀል ቀስ እያለ እየሾለከ ነው፣ መንገዱን የሚያፈጥነው ሙቀት ብቻ ነው።

በላስቲክ ጥቅልል ላይ የመጣ ቺፕ 125 ዲግሪ ውስጥ አይገባም፤ ጥቅልሉ ይቀልጣል። አውጥቶ በብረት ትሪ ላይ መደርደር፣ ወይም 13ቱን ቀን መታገሥ ነው። ደጋግሞ ማድረቅም ዋጋ አለው፤ ከ90 እስከ 125 ዲግሪ ያለው ድምር ከ96 ሰዓት ካለፈ እግሮቹ ኦክሳይድ ሆነው ብየዳ አልይዝ ይላሉ።

መብራት ቢጠፋስ? ኦቨኑን አትክፈቱት። እስከዚያ የደረቀው ደርቋል፤ መብራት ሲመጣ ሙቀቱ ከተመለሰበት ጀምራችሁ የቀረውን ቁጠሩ፣ ለጥንቃቄ አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሩ። ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ካደረ ግን እኔ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ውሃ የነካውን ስልክ ወይም ቦርድ ጤፍ ውስጥ መቅበርስ?

ጤፉ ለእንጀራ ይሁን። እህል ራሱ ከአሥር በመቶ ያላነሰ እርጥበት ይዞ ነው ጎተራ የሚገባው። ደቃቅነቱ ደግሞ ከሩዝ ይብሳል፤ ቻርጀር መሰኪያ ውስጥ የገባ ማኛ በመርፌ ስለቅም ያመሸሁበት ቀን አለ።

እውነተኛ፣ ተን ፈጽሞ የማይገባበት ማሸጊያ የለም?

ከፕላስቲክ፣ ከሙጫና ከጎማ ዘር የለም። ኢፖክሲ ሆነ ሲሊኮን (እንደ ጎማ የሚለጠጠው ማሸጊያ) ጊዜ ይፈጃል እንጂ ያሳልፋል። ዓመታትን የሚዘጉት ብረት፣ ሴራሚክና መስታወት ናቸው፤ ሄርሜቲክ የሚባለው ይህ ነው። ለሳተላይት፣ ልብ ውስጥ ለሚቀበሩ የሕክምና መሣሪያዎች፣ ለትክክለኛ ክሪስታሎችና ለአንዳንድ ሴንሰሮች ይውላል።

አሠራሩን ማወቅ ደስ ስለሚል ትንሽ ላርዝመው። ቺፑ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ከአሉሚና ሴራሚክ ወይም ኮቫር ከሚባል ብረት ይሠራል። ኮቫር የብረት፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ነው፤ ድርሻቸው በግምት 54፣ 29 እና 17 በመቶ። የተመረጠበት ምክንያት አንድ ነው፦ ሲሞቅ የሚለጠጠው ቦሮሲሊኬት መስታወት በሚለጠጥበት ልክ ነው። ስለዚህ እግሮቹ በብረቱ ቀዳዳ ሲያልፉ ዙሪያቸው በመስታወት ይደፈናል፣ ሲቀዘቅዝም አይሰነጠቅም። መዳብ ቢሆን ኖሮ ከኮቫር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ መስታወቱን ይፈለቅቀው ነበር። ቤት የመረገ ሰው ያውቀዋል፤ ጭቃው ከግድግዳው ጋር እኩል ካልደረቀ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ጭድ የሚጨመረውም ለዚያ ነው።

ክዳኑ የሚዘጋው በሦስት አራት መንገድ ነው። አንዱ በኤሌክትሪክ ጠርዙን እየዞሩ መበየድ ነው። ሌላው ቶሎ በሚቀልጥ የመስታወት ዱቄት መጣበቅ፤ ይህ 400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ ሁሉም ቺፕ አይችለውም። በጣም የተከበረው 80 በመቶ ወርቅና 20 በመቶ ቆርቆሮ ያለው ብየዳ ሲሆን 280 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባው ማጽጃ) ስለማይፈልግ ውስጡ ቆሻሻ አይቀርም። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ዋሸራ የተማረ አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ሰሙ የእናንተ፣ ወርቁ የእነሱ» ብሎኛል። ስለ ሰሙ ወደ ታች እመለሳለሁ።

ከመዘጋቱ በፊት ግን ይደርቃል። በደረቅ ናይትሮጅን ክፍል ውስጥ፣ ተጋግሮ፣ ከዚያ ነው ክዳኑ የሚበየደው። ሚል ስታንዳርድ 883 የተባለው የወታደራዊ መፈተኛ ከተዘጋ በኋላ ውስጡ የሚቀረው ተን ከሚሊዮን 5,000 እጅ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ከዚህ ካለፈ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ሆኖ ሽቦውን ይበላል። ሄርሜቲክ ክዳን እርጥበት ውስጥ ከዘጋበት እንደ እስር ቤት ነው፤ መውጫ የለውም። ፍሳሹ የሚፈተሸው በሄሊየም ነው፤ አቶሙ ትንሽ ስለሆነ ማንም በማያልፍበት ያልፋል።

አሮጌ የጀርመኒየም ትራንዚስተር ያለው ሬድዮ ካላችሁ ክፈቱት። በብረት ቆብ የተዘጋ፣ እግሩ በመስታወት ፍሬ የተደፈነ ትራንዚስተር ታያላችሁ። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም የነበረው ዘመን ክፍል ያው ነው።

እሺ፣ ወርቅ የለኝም። ቦርዴን በኢፖክሲ፣ በሲሊኮን፣ በጥፍር ቀለም ወይስ በሰም ልሸፍነው?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። መራዊ አካባቢ ለመስኖ ፓምፕ የሚሆን መቆጣጠሪያ ሠርቼ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ሰውየው ይቸኩላል፣ እኔም እቸኩላለሁ። ቦርዱን በአልኮል አጥቤ፣ ጨርቅ አስነክቼ፣ ሙሉ በሙሉ በኢፖክሲ ደፈንኩት። እንደ ድንጋይ ሆነ፤ ኮርቼበትም ነበር። ጥር ሳይወጣ ሞተ። ሰብሬ ስከፍተው ከኢፖክሲው ሥር የመዳቡ መስመሮች አረንጓዴ ሆነዋል። ውሃው ከውጭ አልገባም፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ከዚያም እንዳይወጣ የዘጋሁበት። የፍላክሱ ትራፊም አብሮ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቦርድ ከመሸፈኑ በፊት ፍላክሱ ይታጠባል፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ለብዙ ሰዓት ይደርቃል፣ ሳይቀዘቅዝ ይሸፈናል።

ሲሊኮን ተን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሆኖም ጥሩ ነው። የሚገርም ይመስላል። ጥቅሙ ተኑን ማገዱ ሳይሆን ቦርዱን አጥብቆ መያዙ ነው፤ ክፍተት ከሌለ ተኑ ተሰብስቦ ውሃ የሚሆንበት ቦታ ያጣል። ነገር ግን ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን የመስኮት ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ የሚሸተው አሴቲክ አሲድ ነው፣ መዳብ ይበላል። የማይሸተውን፣ ገለልተኛ የሚባለውን ጠይቁ።

ጥፍር ቀለም ለአንድ የተላጠ መስመር ይሆናል። ለሙሉ ቦርድ አይሆንም፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከሙጫ ሽጉጥ የሚወጣው ትኩስ ሙጫ ሽቦ ይይዛል እንጂ አያሽግም።

ሰሙ። የንብ ሰም በእውነት እርጥበት የሚጠላ ነገር ነው፤ የድሮ ሬድዮ የሽቦ ጥቅልሎች በሰም ይነከሩ ነበር። ለሬድዮ ጥቅልል ዛሬም አልከለክልም። ነገር ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የብረት ሣጥን ውስጡ እዚያ ሊደርስ ይችላል። ቀልጦ መሰኪያ ውስጥ ሲገባ ከውሃ አይተናነስም። ቺፕ በሚሞቅበት ቦርድ ላይ ፈጽሞ።

የሶላር መቆጣጠሪያዬን ጥብቅ ሣጥን ውስጥ አድርጌ ዝናብ ላይ ሰቀልኩት፤ ውሃ ውስጡ ተገኘ። ከየት ገባ?

ሣጥኑ ተንፍሶ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ጎማ ሾልኮ ይወጣል። ከሰዓት ዝናቡ ድንገት ሲወርድበት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ግፊት ያንሰዋል፣ ጎማው ላይ የተኛውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። የግንቦትና የሰኔ አየር ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ብልሃቱ ይበልጥ ማጥበቅ አይደለም። ሣጥኑ ሆድ ላይ፣ ወደ መሬት የሚያይ፣ አየር የሚያሳልፍ ውሃ የማያሳልፍ ትንሽ መተንፈሻ ይደረግለት፤ ከቴፍሎን ስስ ሽፋን የሚሠሩ አሉ። እሱ ከጠፋ ሽቦው ከታች እንዲገባ አድርጋችሁ ከሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱ፣ ነፍሳት እንዳይገቡ ወንፊት አድርጉባት። ቦርዱን ራሱን ሸፍኑት።

ቀዳዳ ያላቸው ሴንሰሮችስ?

የስልክ ማይክሮፎን፣ የአየር ግፊትና የእርጥበት ሴንሰር ሲፈጠሩም ቀዳዳቸው መከፈት አለበት። በኮምፕሬሰር አትንፉባቸው፣ ቀዳዳው ላይ ቫኪዩም አታድርጉ፣ በአልኮል አትንከሯቸው፤ ቦርድ ስትሸፍኑ ቀዳዳውን ሙቀት በሚችል ቴፕ ክደኑ፣ በኋላም ማንሣቱን አትርሱ። የእርጥበት ሴንሰር ከሲሊኮንና ከሙጫ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አይታሸግም፤ የሙጫው ተን ንባቡን ያዛባዋል።

ስለ ሄሊየም ካነሣን በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የኤም አር አይ ማሽን ሲተከል ሄሊየም አምልጦ በሕንፃው የነበሩ ብዙ አይፎኖች በአንዴ ድርቅ ብለው ነበር። ሄሊየሙ ሰዓት የምትቆጥረው ጥቃቅን ሴንሰር መሰል ክፍል ውስጥ ገብቶ ነው። አብዛኞቹ ከቀናት በኋላ ጋዙ ሲወጣ ተመልሰው ሠሩ።

ከረጢት ዙሪያ ላስቲክ ባሰርበት ምን አለ? ጋዜጣስ?

የጎማ ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ፤ ብር የተቀባን እግር ያጠቁራል። ጋዜጣ እርጥበት ይይዛል፣ ብናኝም ይተዋል። ክርና ነጭ ወረቀት ይሻላሉ። መደርደሪያውም በርበሬ ከሚቆላበትና ከሰል ከሚነድበት ክፍል ይራቅ።

የተጠገነ ቦርድ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ልላክ ብል?

ቦርዱ ይድረቅ፣ ባትሪው ይውጣ። ብርማው የስታቲክ ከረጢት ውስጥ ይግባ፣ አፉን እጥፍ አድርጋችሁ ለጥፉት። ክረምት ከሆነ ወይም መንገድ ላይ የሚያድር ከሆነ ያንን ከነሲሊካ ጄሉ አሉሚኒየም ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ ዝጉ። በስፖንጅ ከበቡት፤ ነጩ ስታይሮፎም ስታቲክ ስለሚፈጥር ከከረጢቱ ውጭ ካልሆነ አይነካውም። ካርቶኑ ላይ የተዘጋበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። ረዳቱን ከሞተሩ አጠገብ ወይም ከጣሪያ ላይ እንዳይጭነው ንገሩት፤ ወንበር ሥር ይሁን። ተቀባዩ ከብርድ ሲገባ ካርቶኑን ወዲያው አይክፈተው፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይደርና ይክፈተው፣ አለበለዚያ የቀዘቀዘው ቦርድ ላይ የቤቱ ተን ጤዛ ይሆንበታል።